የኤልሲ ሳህን

እናትየዋ ጠዋቱን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ነው ያረፈደችው። የግድግዳው ሰዓት ቀትር መሆኑን ሲናገር ፊቷ ፈካ አለ። እጆቿን ከሳሙናው ውሃ አወጣች፣ በሽርጧ አደራረቀች፣ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ሳህን አስቀመጠች፣ ከሳህኑ ጎን ማንኪያ። ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል።

ኤልሲን እኛ መንገድ ላይ እናያታለን። መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ፖሊስ እጇን ይዞ ያሻግራታል። ኳሷን እያነጠረች ትሄድና አንድ ወፍራም የማስታወቂያ ዓምድ ሥር ትቆማለች፤ ኳሷን ከዓምዱ ጋር ታላትማለች። ዓምዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሕፃናት የሚገድለውን ሰው ለጠቆመ 10,000 ማርክ እንደሚሰጥ ይናገራል። ኳሷ ወረቀቱን ትመታለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመታለች። ከዚያ የአንድ ባለባርኔጣ ሰው ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ጥላው ጎንበስ ይልና ኳስሽ እንዴት ታምራለች ይላታል። ስሟንም ይጠይቃታል።

ይህ ፍሪትዝ ላንግ ‹‹ኤም›› ብሎ የሰየመው ፊልም መክፈቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በርሊን ላይ ለሕዝብ የታየ፣ ዳይሬክተሩ ድምፅ አስገብቶ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አንዴም አልለመድኩትም። ደረጃው ላይ የልጆች ኮቴ ይሰማል፤ እናት በሩን ትከፍታለች፤ የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ኤልሲ ከእኛ ጋር አልመጣችም ይሏታል። ጥቂት ቆይቶ በሩ ይንኳኳል፤ ተከታታይ ልቦለድ በየቤቱ የሚያድል ሰው ነው፤ አዲሱን ምዕራፍ ይዞላት መጥቷል፤ ልብ የሚሰቅል ነው ብሎ ያሞግስላታል። እሷ ግን ልጄን አይተሃታል ወይ ነው የምትለው። ሰዓቱን ታያለች። መስኮቱን ከፍታ ትጣራለች፦ ኤልሲ! ካሜራው ያኔ ከእናትየዋ ፊት ዞር ይልና ሰው የሌለባቸውን ቦታዎች አከታትሎ ያሳየናል። ወደ ታች የሚጠማዘዝ ባዶ ደረጃ። ጣሪያ ሥር የተሰጣ ልብስ። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሳህን። ኤልሲ! ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። ኳሷ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባላ ወጥታ ትቆማለች። ጥላው ከአንድ ዓይነ ስውር የገዛላት ፊኛ የስልክ ሽቦ ላይ ተጠላልፎ ይወዛወዝና ነፋስ ይወስደዋል። ጨለማ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግድያ አልታየም። ደም የለም፣ የሕፃን ጩኸት የለም፣ ፍሩ እያለ የሚቀሰቅሰን ሙዚቃም የለም። ፊልሙ ዜማ የሚባል ነገር ካለው የገዳዩ ፉጨት ነው፤ የኖርዌጂያዊው የግሪግ ዜማ ነው፤ ገዳዩን የተጫወተው ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስላልቻለ ያፏጨው ላንግ ራሱ ነው። እኔን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው ግን ፉጨቱም ጥላውም አይደለም። ጥላውን ሳይ እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤው መጥቶ ይሄዳል። ሳህኑን ሳይ ግን ሆዴ ይባባል። አንድ ደቂቃ በፊት ሳህን ብቻ ነበር። ማንም አልነካውም፣ ማንም አላንቀሳቀሰውም። ታዲያ ምን አገኘው?

ልጅ ሆኜ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ አባቴ አምሽቶ የሚመጣባቸው ቀናት ነበሩ። እናቴ ራቱን ለብቻ ታስቀርለታለች። ወጡን በትንሿ ድስት ትለይና ከሰሉን አመድ አልብሳ ከላይ ትጥደዋለች፤ እንጀራው መሶብ ውስጥ ይቆየዋል። አንድ ምሽት ሰዓቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አባቴ ገና አልገባም ነበር። እናቴ ምንም አላለችም። ተነሥታ ራዲዮኑን ቀነሰችው። ያን ብቻ ነው ያደረገችው። አንድ እርምጃ ሄዳ፣ በሁለት ጣት የራዲዮኑን ቁልፍ ትንሽ ወደ ግራ አዞረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እኛ ልጆቹ ሳንባባል ዝም አልን። ቤቱ ያው ቤት ነበር፤ አምፖሉም፣ መሶቡም፣ የግድግዳው ፎቶግራፍም። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ጆሮ ያወጣ መሰለኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ በብርዱ ሲኮማተር ቋ ሲል ሰማሁት፤ በየምሽቱ ቋ ሲል የኖረ ጣሪያ ነው፣ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። ሩቅ ውሻ ጮኸ፤ እናቴ ቀና አለች። ከዚያ የአጥሩ በር መቀርቀሪያ ተንቋቋ።

አባቴ ገባ። ካፖርቱን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ራቱን በላ። ምንም የሆነ ነገር አልነበረም። በኋላ ዘመን ያየሁት ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ የዚያች ምሽት ራዲዮ ከተቀነሰ በኋላ የነበረችው ጸጥታ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ሥነ ልቦናዊ የሆኑት ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች እንዴት እንደሚጀምሩ ባሰብኩ ቁጥር ወደዚያች የራዲዮ ቁልፍ እመለሳለሁ። ጎበዝ ዳይሬክተር መክፈቻው ላይ የሚያደርገው እናቴ ያደረገችውን ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ነገር አያመጣም፤ ያለውን ይቀንሳል። ድምፁን ሲቀንሰው ዓለም ድምፅ ማውጣት ትጀምራለች፤ ሳህኑ ሳህን፣ ደረጃው ደረጃ መሆኑን ያቆማል። ‹‹ኤም›› የሚጀምረው ምንም በማይታይበት ጨለማ ውስጥ በምትሰማ የአንዲት ሕፃን ድምፅ ነው። ብርሃን ሲሆን ልጆች ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ቆመው እናያለን፤ አንዷ መሐል ሆና እየቆጠረች ከጨዋታው ታስወጣቸዋለች፤ የምትቆጥርበት ግጥም ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው። ከላይ ልብስ የተሸከመች ጎረቤት ያንን ክፉ ዘፈን ተዉ ብላ ትቆጣቸዋለች፤ ዝም ይላሉ፤ ዞር ስትል ይቀጥላሉ። ጎረቤትየዋ ይህንኑ ለኤልሲ እናት ስታማርር እናትየዋ የምትመልሰው መልስ አለ፦ ድምፃቸው እስከተሰማ ድረስ ቢያንስ አሉ ማለት ነው። ይህን የምትለው ልብስ እያጠበች፣ ሳታስብበት ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስኮት ላይ ቆማ ስትጣራና መልስ ስታጣ ያ ቀላል ንግግሯ ተመልሶ ይመጣብናል። እሷ ራሷ ታስታውሰው ይሆን?

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ልብ አንጠልጣይ የሚል ስም አውጥቶለታል። በየመጽሐፉ ጀርባና በየፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ስላየነው ምን እንደሚል መስማት ትተናል እንጂ ስሙ ትልቅ ነገር ይዟል። የተንጠለጠለ ነገር አልወደቀም፣ አላረፈምም። የወደቀ ይለቀስለታል፣ ያረፈ ይረሳል፤ የተንጠለጠለው ግን ዓይን አያስነቅልም። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1958 ‹‹ቨርቲጎ›› በተባለው ፊልሙ ላይ ይህንን ስም ቃል በቃል የሠራው ይመስላል። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሲመሻሽ። አንድ እጅ የብረት መሰላል ይጨብጣል። የሚሸሽ ሰው፣ ከኋላው ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ፣ ከፖሊሱ ኋላ ስኮቲ የሚሉት መርማሪ ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላሉ። ስኮቲን ያዳልጠውና የጣሪያውን አሸንዳ ይዞ ይንጠለጠላል። አሸንዳው እየታጠፈ ነው። ወደ ታች ሲያይ ምድር ትርቀዋለች። ፖሊሱ ሊያወጣው ተመልሶ እጁን ሲዘረጋ ራሱ ወድቆ ይሞታል። ስኮቲ እዚያው አሸንዳው ላይ እንዳለ ትዕይንቱ ያልቃል።

ቀጥሎ ስናየው ከአንዲት ወዳጁ ቤት ተቀምጦ ከዘራውን እያመጣጠነ ያወራል። ማን አወረደው? ፊልሙ አንዲት ቃል አይነግረንም። እንግሊዛዊው ሃያሲ ሮቢን ዉድ ይህንን ከብዙዎች ቀድሞ አስተውሎታል፤ ስኮቲ እስከ ፊልሙ ፍጻሜ እንደተንጠለጠለ ይቀራል የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ ደግሞ እኛም አብረነው እንደቀረን ነው የሚሰማኝ። ያልወረደ ሰው ወርዷል ተብሎ ሲቀርብልን አእምሯችን ይቀበላል፣ እጃችን ግን አሸንዳውን አይለቅም። ቀጥሎ የሚመጣውን የፍቅር ታሪክ፣ አበባውን፣ ባሕሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ሁሉ የምናየው በዚያ በደከመ ክንድ ነው።

ሂችኮክ ስለ ሙያው ብዙ ተናግሯል። በ1962 ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው፣ በኋላም መጽሐፍ በሆነው ረጅም ጭውውት ላይ የሰጠው የቦምብ ምሳሌ ዛሬ የፊልም ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ያቺን ተራ ወሬ ትንፋሹን ይዞ ይሰማል። ይህ እውነት ነው፤ የ‹‹ኤም››ም የማስታወቂያ ወረቀት ከኳሷ ኋላ የተለጠፈ ቦምብ ነው። ግን ምሳሌው ግማሹን ነው የሚነግረን። ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ምናችንም ካልሆኑ ቢፈነዳስ? ቦምቡ ቶሎ ይገኛል። አስቸጋሪው ሰዎቹን ማምጣት ነው፤ ላንግ ለዚህ ያስፈለገው አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ነበር።

ቋንቋችን ይህንን ልዩነት ያውቀዋል። ጠላትን ነው የሚፈሩት፤ የሚሰጉት ግን ለወዳጅ ነው። ፈራሁት እላለሁ፣ ሰጋሁላት እላለሁ። ያቺ መሐል ገብታ የተቀመጠች ‹‹ለ›› የፍርሃቱን አቅጣጫ ታዞረዋለች። መክፈቻው የሰመረ ፊልም ከፍርሃት ይልቅ ስጋት የሚያሳድርብን ስለዚህ ነው። ለመስጋት ደግሞ አስቀድሞ የሆነ ነገር ልባችን ውስጥ ቦታ መያዝ አለበት። ሥራው ሁሉ ያንን ቦታ ማስያዝ ነው፤ በአምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ባነሰ።

‹‹ሳይኮ››ን እንውሰድ፣ 1960። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ገላ መታጠቢያውን ነው። እኔ የምወደው መጀመሪያውን ነው። ካሜራው በአሪዞናዋ ፎኒክስ ከተማ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጽሑፍ ይወጣል፦ ዓርብ፣ ዲሴምበር 11። ከዚያ ሌላ ጽሑፍ፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ካሜራው ከዚያ ሁሉ መስኮት አንዱን መርጦ ይቀርብና ሙሉ በሙሉ ባልወረደ መጋረጃ ሥር ሾልኮ ይገባል። ሆቴል ክፍል ውስጥ ማሪዮን አልጋ ላይ ናት፣ ወዳጇ ሳም አጠገቧ ቆሟል። በምሳ ሰዓቷ ተደብቃ ነው የመጣችው። በፊልሙ ውስጥ የምንሰማው የመጀመሪያ ንግግር ስለ ምሳዋ ነው፤ አልበላሽም እኮ የሚል ነው። ሳንድዊቹም ጠረጴዛው ላይ አለ።

ደቂቃዋ ለምን ተጻፈች? ለታሪኩ ምንም አትፈይድም። 8 ሰዓት ከ43 ላይ የተፈጸመ ነገር ኋላ አይመረመርም፣ ማንም ስለዚያች ደቂቃ አይጠየቅም። ሰዓትን በደቂቃ ቆጥሮ የሚናገር ሰው ግን ማን እንደሆነ እናውቃለን። አንዱ ወረቀት ላይ ቃል የሚቀበል ፖሊስ ነው። ሌላው የሚመጣበት ሰው የቀረበት ነው። እናቴ በዚያ ምሽት ሰዓቱን ብትጠየቅ ሦስት ሰዓት ገደማ አትልም ነበር። ሂችኮክ ያችን ቁጥር ከፎኒክስ ሰማይ በላይ ሲጽፋት ገና ማንንም ሳናውቅ ሰዓት ቆጣሪ አደረገን። ከዚያ ያልተበላ ምሳ አሳየን። ማሪዮን 40,000 ዶላር ሰርቃ ስትሸሽ፣ በማግሥቱ ማታ በዝናብ የደረሰችበት የመንገድ ዳር ማደሪያ ባለቤት ሳንድዊችና ወተት ያቀርብላታል። የመጨረሻ ምግቧ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የተጀመረው ምሳ ቅዳሜ ሌሊት ነው የተበላው። ይህንን ያስተዋልኩት ብዙ ጊዜ ካየሁት በኋላ ነው፤ ሳላስተውለውም ግን ሳይሠራብኝ አልቀረም። ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ አንድም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ማስከልከሉ በዘመኑ እንደ ማስታወቂያ ዘዴ ተቆጥሯል። ለእኔ ግን ያቺን ሳንድዊች ማንም እንዳያመልጠው የተዘጋ በር ነው።

ጠበቀ እንላለን። እንግዳውን ጠበቀ፤ ይህ መቆየት ነው። መንጋውን ጠበቀ፤ ይህ ከአውሬ መከላከል ነው። ገመዱ ጠበቀ፤ ይህ መወጠር ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል፣ ስንጠራቸውም ያው አንድ ድምፅ። ‹‹ይጠብቃል›› ብለን ስንጽፍ ወረቀቱ አይለያቸውም፣ ንባብ ነው የሚለያቸው፤ ሰው ሲጠብቅ ፊደሏ ትጠብቃለች፣ ገመድ ሲጠብቅ ትላላለች። ሦስቱ ከአንድ ግንድ ይብቀሉ አይብቀሉ ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ። እኔ የምለው የመክፈቻ ትዕይንት ምሥጢር እዚያች ቃል ውስጥ እንዳለ ነው። ትዕይንቱ አንድን ነገር በአደራ ይሰጠናል፣ ከዚያ ያስቆየናል፣ በሁለቱ መሐል ገመዱ ይጠብቃል። አደራ ሳይሰጡን ቢያስቆዩን ይሰለቸናል። አደራውን ሰጥተው ባያስቆዩን ገመዱ ልል ሆኖ ይቀራል። እናቴ አባቴን ጠበቀችው ስል የትኛውን ጠበቀች ማለቴ እንደሆነ ብጠየቅ መለየት አልችልም። ተቀምጣ ቆየችው፤ ደግሞም ከዚያ ጎዳና፣ ከዚያ ሰዓት፣ በእጇ ካለው ነገር ሁሉ በአንዲት የራዲዮ ቁልፍ ልትጠብቀው ትሞክር ነበር። ጸጥ ብላ ካዳመጠች የሚመጣ ይመስል።

አውግስጢኖስ በ‹‹ኑዛዜ››ው 11ኛ መጽሐፍ ጊዜ ምንድን ነው ብሎ ይጨነቃል። ያለፈው የለም፣ የሚመጣው ገና ነው፣ አሁን የምንለው ደግሞ ስፋት የለውም፤ ታዲያ የምንለካው ምኑን ነው? የሚደርስበት መልስ ጊዜ የነፍስ መዘርጋት ነው የሚል ነው፤ ነፍስ በአንድ ጊዜ ታስታውሳለች፣ ታስተውላለች፣ ትጠብቃለች። ምሳሌ የሚያደርገው በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ነው። ሳይጀምረው በፊት መዝሙሩ በሙሉ በመጠበቅ በኩል ነው፤ እየደገመው ሲሄድ ከመጠበቅ ወደ ማስታወስ እየተሻገረ ያልቃል። መዝሙሩን የሚያውቅ ሰው መዘርጋቱ አያምመውም፤ ጫፉ የት እንደሆነ ያውቃል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ከፊታችን የሚያስቀምጠው ግን ጫፉ ያልታወቀ መዝሙር ነው። ነፍስ ትዘረጋለች፣ የምትይዘው ታጣለች። የኤልሲ እናት ሰዓቷን ደጋግማ ስታይ ያ መዘርጋት ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ከዚያ ካሜራው ፊቷን ትቶ ባዶውን ደረጃ ሲያሳየን የሚዘረጋው የእኛው ነፍስ ይሆናል።

ይህ የመጠበቅ ነገር ግን ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። ይህንን ያሳየኝ የሚካኤል ሃኔከ የ2005 ፊልም ነው፤ በፈረንሳይኛ ስሙ ‹‹ካሼ›› ነው፣ የተደበቀ ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ ያለ አንድ ጸጥ ያለ ጎዳና፣ ከፊት ለፊት አንድ የመኖሪያ ቤት። ካሜራው አይነቃነቅም። የፊልሙ ሠራተኞች ስም በትንንሽ ፊደል ምስሉ ላይ ይጻፋል። ሰው ያልፋል፣ ወፍ ይንጫጫል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በመጀመሪያ መግቢያ ነው ብለን እንታገሣለን። ቀጥሎ ምን እንዳለ ለማግኘት መስኮቶቹን መፈተሽ እንጀምራለን፤ ይህቺ ሴት ማን ናት፣ ያ መኪና ለምን እዚያ ቆመ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የወንድና የሴት ድምፅ ስለ ምስሉ ሲነጋገር ይሰማል፤ በድንገትም ምስሉ ላይ መስመሮች ይጋደማሉ፣ ሰዎቹ ይሮጣሉ። ስናይ የቆየነው ጎዳናውን ሳይሆን የጎዳናውን ቪዲዮ ኖሯል። የቤቱ ባለቤቶች፣ ባልና ሚስት፣ ማን እንደቀረጸው የማይታወቅ ካሴት ደጃፋቸው ላይ አግኝተው ሳሎናቸው ተቀምጠው እያዩት ነው።

ቦምብ የለም። የሚያሳድድ የለም። ማስፈራሪያ ቃል እንኳ የለም። አንድ ሰው ቤታቸውን ለረጅም ሰዓት ተመልክቷል፤ እሱ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ላለፉት ደቂቃዎች የተቀመጥነው እዚያው ሰውዬ ወንበር ላይ ነበር። ዘበኛና ሰላይ የሚቆሙበት ቦታ አንድ ነው። ሁለቱም ቤት ያያሉ፣ ሁለቱም ማን ገባ ማን ወጣ ይላሉ። ልዩነታቸው በልባቸው ውስጥ ነው፤ ሃኔከ ደግሞ የራሳችንን ልብ የምናይበት ጊዜ ሳይሰጠን ያስቀምጠናል። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ የተደበቀው ነገር ይገለጣል። ባልየው ጆርጅ በልጅነቱ በሐሰት ቃል ከቤታቸው ያስወጣው አልጄሪያዊ ልጅ ነበር። የልጁ ወላጆች የጠፉት ጥቅምት 1961፣ የፓሪስ ፖሊስ ሰልፍ የወጡ አልጄሪያውያንን በገደለበት ምሽት ነው። ፈረንሳይ ያንን ምሽት ለአሥርተ ዓመታት አላየሁም ብላ ኖራለች። የመጀመሪያውን የማይነቃነቅ ምስል መለስ ብዬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ዝም ብሎ ያየው ነገር ማንም ሊያየው ያልፈቀደው ቤት ነበር።

ፍሮይድ በ1919 ባሳተመው ጽሑፍ ጀርመንኛ ‹‹የቤት›› የሚለው ቃል እየተጎተተ ሄዶ ‹‹የተሰወረ›› ማለትም እንደሚሆን ከመዝገበ ቃላት እያነሣ ያሳያል። የሚያሸብረን ባዕዱ ነገር ሳይሆን የገዛ ቤታችን ሲሰወርብን ነው ለማለት ነው። በአማርኛ ያንን ድልድይ የሚሠራ ቃል የለኝም፤ እኛ ያለን ድልድይ በ‹‹ጠበቀ›› በኩል የሚያልፈው ነው። በቤቴ የማውቀው ደግሞ ቋ ያለው ጣሪያ ነው።

የኩብሪክ ‹‹ዘ ሻይኒንግ›› (1980) አከፋፈት ብዙ የተወራለት ስለሆነ አልቆይበትም። በሞንታና ተራሮች መሐል አንዲት ቢጫ ቮልስ ትሄዳለች፤ ከላይ ሆነን እንከተላታለን፤ ዜማው ለሙታን የሚዜም የመካከለኛው ዘመን ዜማ ነው። ያ ሁሉ ውብ ነው። የሚያስፈራው ግን ከላይ ሆኖ የሚያየው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ጠባቂ መልአክ ይሁን ሌላ፣ ዓይኑ አንድ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የማያቸው ብዙ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ሬሳ አስቀድመው ይጀምራሉ። ጫካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከቅጠል ሥር የወጣ እጅ፤ ከዚያ ‹‹ከሦስት ቀን በፊት›› የሚል ጽሑፍ። ሙዚቃው ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይደበድበኛል። ያሳዝነኛል የምለው ሙያ ስለጎደላቸው አይደለም፤ ካሜራው ጥሩ ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። የሚያሳዝነኝ ተመልካቹ መጠበቅ አይችልም ብለው አስቀድመው መወሰናቸው ነው። ተረት ነጋሪ ገና አፉን ሲከፍት አድማጭ የሚመልሳት መልስ አለች፤ ያቺ መልስ እዚህ አለሁ፣ እቆያለሁ የምትል ናት። ልጆች እንኳ ያንን ኪዳን ይገባሉ። ሬሳውን ቀድሞ የሚያሳየኝ ሰው መልሴን አልጠበቀም። ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች፣ ማን ምሳ እንዳቀረበላት ሳላውቅ ሞታለች፤ ለምኗ ልስጋላት? የሚቀረኝ ማን ገደላት የሚል የእንቆቅልሽ ጉጉት ብቻ ነው። እሱም ደስ ይላል፤ ግን ሌላ ደስታ ነው፣ ሲፈታ ያልቃል።

ላንግ ‹‹ኤም››ን ሲጨርስ ወደ እናቶቹ ነው የተመለሰው። ገዳዩ ተይዟል፣ ዳኞቹ ተሰይመዋል። ፍርዱን ግን አያሰማንም። ጥቁር የለበሱ ሦስት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ የኤልሲ እናት ናት። የምትናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ ይህ ልጆቻችንን አይመልስልንም፣ እኛ ራሳችን ከዚህ የበለጠ እንጠብቃቸው ነው የምትለው። የጀርመንኛው ቃል መጠንቀቅን፣ ዓይን አለመንቀልን የሚል ነው። እኔ የምሰማው ግን በራሴ ቋንቋ ነው፤ ምሳ አቅርባ የጠበቀች ሴት ጠብቁ ብላ ፊልሙን ስትዘጋው።

እናቴ አርጅታለች፤ ፊልም ማየት ዓይኗን ያደክማታል። ባለፈው ስደውልላት ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ እንደነበር ነግሬያት የ‹‹ኤም››ን ታሪክ ተረኩላት፤ ስለ ኳሷ፣ ስለ ፊኛው፣ ስለ ባዶው ደረጃ። ስለ ራዲዮኑ አላነሣሁም። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ገዳዩ ተያዘ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

‹‹ያንን ሳህን ታዲያ ማን አነሣው፣ ልጄ?›› አለችኝ።

ፊልሙን ያን ሌሊት እንደገና ከፍቼ አየሁት። ካሜራው ወደዚያች ወጥ ቤት አይመለስም።